ንብን ስለ ማክረም

አማርኛችን ብዙ ምሥጢር በአንዲት ግሥ ያኖራል። መስከረም ሲጠባ ሰው ወዳጁን «እንዴት ከረሙ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ይህም ዝናሙን፣ ብርዱን፣ የጐተራውን መጕደል እንዴት አለፉት ማለት ነው። ከዚህ ግሥ «ማክረም» የሚለው ይወጣል፤ ትርጓሜውም ብቻውን ክረምትን ሊሻገር የማይችለውን ጠብቆ ማሻገር ነው። ዛሬ የምጽፈው በዋግ ምድር ወጣት የንብ መንጋን ስለ ማክረም ነው።

ጠቢቡ ሰሎሞን ታካቹን ሰው ወደ ገብረ ጕንዳን እንደ ላከው አንባቢ ያውቃል። ሰብዓ ሊቃናት በግሪክ ቋንቋ በተረጐሙት መጽሐፈ ምሳሌ ግን በዕብራይስጡ የማይገኝ ምክር ይከተላል፤ ይኸውም ታካቹ ከጕንዳን ቀጥሎ ወደ ንብ ሄዶ እንዲማር ነው። ሁለቱ ፍጥረታት በመጽሐፍ ጐን ለጐን ቢቆሙም በሰቆጣ ጓሮ ጠላቶች ናቸው፤ ጕንዳን ቀፎ ይወርራልና ባለ ንብ በቀፎው መደብ ዙሪያ አመድ ይነሰንሳል።

ብርድ በሚጸናበት በአውሮፓ ጕንዳንን በቤታቸው የሚያሳድጉ ሰዎች አሉ። ወጣቷ የጕንዳን እናት ከበረራዋ ተመልሳ ክንፏን ትጥላለች፤ ከዚያም በኋላ በብዙዎቹ ወገኖች ዘንድ አንዳች ሳትቀምስ፣ የክንፏን ጡንቻና በሰውነቷ ያከማቸችውን ስብ እያቀለጠች የመጀመሪያ ልጆቿን ታሳድጋለች። አሳዳጊዋ ውኃና ጥጥ ባለበት በመስተዋት ቧንቧ ያኖራታል፤ የብርዱም ወራት ሲገባ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ በሚደርስ ቅዝቃዜ ውስጥ ያስተኛታል። በዚያን ጊዜ ውኃ እንዳይጐድልባት ከመጠበቅ በቀር ብዙ ሥራ የለውም። በርኅራኄ ብዛት አሙቆ ቢቀሰቅሳት ግን ስንቋን ያለ ጊዜው ታባክናለች። ለጕንዳን ርኅራኄው መተው ነው።

ንብ ግን እንዲህ አይደለችም፤ ክረምቱን ተኝታ አታሳልፍም። ብርድ ሲመጣ መንጋው ተጠጋግቶ እንደ ኳስ ይሆናል፤ የክንፉንም ጡንቻ እያንቀጠቀጠ ሙቀት ያወጣል፤ እጭ ያለበትን ስፍራ 35 ዲግሪ ያህል አድርጎ ይጠብቃል። የዚህም ሙቀት ማገዶው ማር ነው። ስለዚህ በእኛ አገር ወጣቱን መንጋ የሚገድለው ከብርዱ ይልቅ ረኃቡ ነው።

በዋግ የንብ ጾም ከዝናሙ አስቀድሞ ይጀምራል። በጋው ረጅም ነውና አበባው ከረገፈ በኋላ ምድሪቱ ለብዙ ወራት ለንብ የምትሰጠው ጥቂት ነው። ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ዝናሙ መውጫ ይከለክላል። መንጤሴ የሚባለው ቍጥቋጦና አደይ አበባ እስኪፈነዱ ድረስ ቀፎው ያለውን ይበላል። በሰቆጣ ስሙ የተጠራው ነጭ ማር የሚሰበሰበው ከዚህ ሁሉ መከራ በኋላ ነው። አሮጌው መንጋ የተሠራ እንጀራና የተከማቸ ስንቅ አለው፤ አዲስ የወጣው መንጋ ግን ከባዶ ቀፎ ይጀምራል። ሰም ከንቧ ሰውነት የሚወጣ ነውና ጥቂት ሰም ለመሥራት ብዙ ማር ይበላል። እኛ በቅኔ ቤት ሰሙን ገላልጠን ወርቁን ስንፈልግ ኖረናል፤ በቀፎ ግን ሰሙ ራሱ በብዙ ወርቅ የተገዛ ነው።

ከዚህም ሌላ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ሠራተኛዪቱ ንብ በሥራ ወራት የምትኖረው 6 ሳምንት ያህል ነው። ስለዚህ በጥቅምት ከመንጋው ጋራ የመጣችው ንብ የሚቀጥለውን ጥቅምት አታይም። አባቶቻችን «አውራ» ያሏት እናቲቱ እንቍላል መጣሏን ካላቋረጠች ግን መንጋው ይቀጥላል። ቀፎው ይከርማል እንጂ ንቧ አትከርምም። አገልጋዮቹ እያለፉ ማኅሌቱ እንደማይቋረጥበት ደብር ነው።

በ2016 ዓ.ም. በጥቅምት አንድ መንጋ በጓሮዬ ዐረፈ። ቀፎ ሰጠሁት፤ የመጀመሪያው ሰሙ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ እንዲሆንም ተሳልሁ። በሰኔ፣ በጾመ ሐዋርያት፣ ቄሰ ገበዙ መጡና «መሪጌታ፣ ለሐምሌ 5 ለጴጥሮስ ወጳውሎስ ጧፍ አንሶናል፤ ስእለትዎን ቢያገቡ» አሉኝ። እኔም «አባ፣ አሁን ብንቈርጥ መንጋው ወይ ይሞታል ወይ ጥሎ ይሄዳል፤ እስከ ኅዳር ይታገሡኝ» አልኋቸው።

እርሳቸውም ስእለትን ማዘግየት በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 23 እንደ ተከለከለ አሳሰቡኝ። ነገሩ ቀላል አልነበረም፤ ስእለት ዕዳ ነው፣ መቅደስም በጨለማ አይገባም። እኔ ግን ያው መጽሐፍ በምዕራፍ 22 የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከጫጩቶቿ ጋራ እንዳይወስድ ማዘዙን አነሣሁ። «የተሳልሁት ፍሬውን ነው እንጂ የመንጋውን ሞት አይደለም፤ እስከዚያው የጐደለውን ጧፍ ከገበያ ገዝቼ ላግባ» አልኋቸው። ቄሰ ገበዙ ብዙ ዝም ብለው ወደ ቀፎው ተመለከቱ፤ «እንግዲያስ ባለ ዕዳው እንዳይሞት አብረን እንጠብቀው» አሉ። በማግሥቱም አንድ ቍና በሶ ይዘው መጡ።

የማክረሙ ሥራ ይህ ነበር። ቀፎውን በሣር ከደንነው፤ ውኃ እንዳይቋጥር ወደ ፊት ጥቂት አዘነበልነው፤ ጥቂቶቹ ንቦች ሊጠብቁት እንዲችሉ መግቢያውን አጠበብነው፤ ዝናም ያጠበውን አመድ ደጋግመን ነሰነስን። በሶውን በደረቁ፣ ስኳሩንም በውኃ በጥብጠን ሰጠን፤ ይህንም ሌሎች ንቦች ለዝርፊያ እንዳይመጡ በመሸ ጊዜ አደረግነው። በዝናም ቀን ቀፎውን አልከፈትንም፤ ጆሮአችንን አስጠግተን ድምፁን ብቻ ሰማን። በፍልሰታ ድምፁ እጅግ ቀጥኖ ነበር፤ በጳጕሜን ግን ንቦቹ በእግራቸው ቢጫ ጽጌ ተሸክመው ሲገቡ አየን።

በ2017 ዓ.ም. በኅዳር የማሩን እኩሌታ ቈረጥን፤ እኩሌታውን ለባለቤቶቹ ተውን። ሰሙ ጧፍ ሆኖ ኅዳር 21 ቀን በጽዮን ማርያም በዓል በራ። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ንብ የከበረችው ስለ ደከመች ሳይሆን ለሌላው ስለምትደክም መሆኑን አስተምሯል። ለሌላው የሚደክመውንም በድካሙ ወራት የሚያከርመው ያስፈልገዋል፤ በቅኔ ቤታችን ጥግ፣ በልመና ቍራሽ ትምህርቱን የሚጀምር ታናሽ ተማሪም እንዲሁ ነው። ፍሬውን ከመጠየቃችን በፊት በሶውን እናቀብለው።