ከጎንደር እስከ ሊማሊሞ አፋፍ

አገርን ተዘዋውሮ መመልከት ለአእምሮ ትምህርት ለሰውነትም ደስታ መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን መንገድ አገሩን ብቻ ሳይሆን መንገደኛውን ራሱንም ገልጦ ያሳያል። እኛም ይህን የተረዳነው በ2008 ዓ.ም. በጥር ወር ከጎንደር ተነሥተን በዳባትና በደባርቅ በኩል ወደ አዲ አርቃይ ስንጓዝ ነው። የደረሰብን ነገር ቤተሰቡን ይዞ ለሚጓዝ ሰው ሁሉ ይጠቅም ይሆናል ብለን በማሰብ፤ ጥፋታችንንም ሳንሸሽግ፤ እንደ ሆነው አድርገን ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

የጉዞው ምክንያት ሠርግ ነበር። የባለቤታችን የእኅት ልጅ ጥር 15 ቀን እሑድ በአዲ አርቃይ የምትዳር ስለ ሆነ፤ አማታችንም የልጅ ልጃቸውን ሳይመርቁ መቅረትን እንደ ሞት ስለ ቈጠሩት፤ ርሳቸውንና ልጆቻችንን ይዘን የጥምቀትን በዓል በጎንደር አከበርንና ጥር 13 ቀን ዓርብ ጧት ተነሣን። መኪናችን በናፍጣ የምትሠራ፤ በውስጧ አልጋና አነስተኛ ማድቤት የተበጀላት፤ መሸት ቢል ማደሪያ የምትሆን ናት። ነጂዋም ከቤታችን ብዙ ዓመት የኖረ፤ ንግግሩ ጥቂት የሆነ ሰው ነው።

ከጎንደር እስከ ደባርቅ ያለው መንገድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከተማውን ለቅቆ ወለቃን ካለፈ በኋላ ዳገቱ ይጀምራል፤ ኮሶዬ ላይ ሲደረስ በስተግራ ያለው ገደል ቆላውን እስከ ዓይን ዳርቻ ድረስ ያሳያል። የጥር ወር ስለ ነበረ ገብሱ ታጭዶ በየአውድማው በሬዎች ያበራዩ ነበር፤ ሰማዩም አንዲት ደመና አልነበረበትም። አማታችን በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ባለፍን ቍጥር እያማተቡ፤ ልጆቹም በመስኮት እየተጋፉ፤ ደስ ብሎን እንሄድ ነበር።

ከኮሶዬ ወደ አምባ ጊዮርጊስ በሚወስደው ዳገት ላይ ግን መኪናችን በድንገት ጉልበት አጣች። ነጂው ማርሹን ቢቀንስ፤ ነዳጁንም እስከ መጨረሻው ቢረግጥ፤ እንደ ደከመ ሽማግሌ እየዘገመች ሄዳ ከመንገዱ ዳር ቆመች። ዐሥር ደቂቃ ያህል ዐርፈን ብናስነሣት ምንም እንዳልነካት ሆና ዳገቱን ወጣችው። ስምንት ኪሎ ሜትር ከሄድን በኋላም እንደገና ያው ሆነ። ዐረፍን፤ ተነሣች፤ ሄድን።

ነጂው፤ «ጌታዬ፤ አንድ ነገር አስተውያለሁ፤ ሲደክማት ጥቁር ጭስ…» ብሎ ሊናገር ሲጀምር እኛ አቋረጥነው። ጎንደር ላይ ነዳጅ ለመቅዳት የላክነው እርሱን ነበርና፤ በርካሽ ዋጋ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ናፍጣ ገዝቶ ትርፉን ለራሱ ያስቀረ መሰለን። ይህንም በልባችን ይዘን አልቀረንም፤ በባለቤታችን፤ በአማታችንና በልጆቻችን ፊት በግልጥ ተናገርነው። ነጂው ፊቱ ጠቈረ፤ ነገር ግን «እግዚአብሔር ያውቃል» ከማለት በቀር መልስ አልሰጠም። ከዚያም በኋላ እስከ ዳባት ድረስ በመኪናው ውስጥ የሚናገር አልነበረም።

ዳባት ስንደርስ ከአንድ ጋራዥ ገባን። ባለጋራዡ የናፍጣውን ፊልትሮ ፈትቶ በአዲስ ለወጠው። አሮጌው ግን ሲታይ ንጹሕ ነበር፤ ይህ ነገር ሊያስጠነቅቀን ሲገባ ቸል አልነው። ከዳባት ከወጣን በኋላ መኪናዋ ዐሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል በደኅና ስለ ሄደች፤ ዳነች ብለን ፈጣሪን አመሰገንን። ደባርቅ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን ግን የመጨረሻው ዳገት ላይ እንደ ቀድሞው ቆመች። እየመጣ የሚሄድ ሕመም ሐኪሙን እንደሚያታልል፤ እየመጣ የሚሄድ የመኪና ብልሽትም እንዲሁ ያታልላል፤ በራሱ ጊዜ ሲተወው የመጨረሻው መድኃኒት ያዳነው ይመስላልና።

ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ብርዳም ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ በር በመሆኑ፤ ዋልያንና ቀይ ቀበሮን ለማየት የሚመጣ እንግዳ ሁሉ በዚህ ያልፋል። ከተማውን ለቅቆ ወደ ሰሜን ሲሄዱ፤ ተከቦ የነበረው የጣልያን ጦር በ1934 ዓ.ም. በመስከረም ወር እጁን የሰጠበት ወልቀፊት ይገኛል፤ ከዚያም ጣልያኖች በወረራው ዘመን በገደሉ ላይ ያወጡት የሊማሊሞ መንገድ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። አዲ አርቃይ ያለው ከዚህ መንገድ ወዲያ ነው።

ጭንቀታችን በዚህ ጊዜ በረታ። በጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ ሞተር ቢጠፋ ፍሬኑን የሚያግዘው ኃይል ከጥቂት ጊዜ መርገጥ በላይ አይቆይም፤ መሪውም በእጅ ላይ ይከብዳል። በመልሱም ጕዞ፤ ከኋላ የጭነት መኪናዎች ተከታትለው ሲመጡ፤ ከገደል አፋፍ ላይ ጉልበት አጥቶ መቆም አለ። ከሽማግሌ እናትና ከሕፃናት ጋር ይህን ማድረግ እግዚአብሔርን መፈታተን ነው። ሠርጉም ሊደርስ አንድ ቀን ብቻ ቀርቶታል። አማታችን ምንም አልተናገሩም፤ ለሙሽራዪቱ ያስፈተሉትን ጥበብ ግን ከጭናቸው ላይ አላወረዱትም ነበር።

ቅዳሜ ጧት ከከተማው አንድ ወጣት መካኒክ አመጡልን። ይህ ልጅ መፍቻውን ከማንሣቱ አስቀድሞ ከነጂው አጠገብ በድንጋይ ላይ ተቀመጠና፤ «አያ፤ መኪናዋን የሚያውቋት እርስዎ ነዎት፤ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» አለው። ነጂውም እኛ ያቋረጥነውን ነገር ያን ጊዜ ጨረሰው። መኪናዋ የምትደክመው ዳገት ላይ ብዙ ነዳጅ ስትጠየቅ ብቻ ነው፤ ስትደክም ጥቁር ጭስ አታወጣም፤ ጥቂት ካረፈች ግን ፈጽማ ትድናለች አለ።

ወጣቱም ነገሩን እንዲህ ሲል አስረዳን። ሩዶልፍ ዲዝል የተባለው የጀርመን መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1897 በአውግስቡርግ ሠርቶ ያሳየው ሞተር የእሳት ብልጭታ አያሻውም፤ አየሩ በኃይል ሲታመቅ ይግላል፤ ናፍጣው ሲረጭበትም ይነዳል። እንግዲህ የሞተሩ ምግብ ሁለት ብቻ ነው፤ አየርና ናፍጣ። አየር ሲያንሰው ያልተቃጠለው ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ የቱርቦው ቱቦ ሲቀደድ የሚሆነው ይህ ነው። ጭስ ሳያወጣ ጉልበቱ ቢከዳው ግን የጐደለው ናፍጣው ነው።

እኛም፤ «የከፍታው ነገር ይሆን? በደባርቅ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከመቶ 70 እጅ ያህል ነው» ብለን ዕውቀታችንን አሳየን። ልጁም በትሕትና፤ «ጋሼ፤ እውነት ነው፤ ከፍታ ጉልበት ይቀንሳል። ነገር ግን ከፍታ ለዐሥር ደቂቃ ዐርፎ አይለቅም፤ የያዘውን እስኪወርድ ድረስ እንደ ያዘው ነው» አለን። አፈርን።

ከዚያ በኋላ ሥራውን በየተራው አደረገ። በመጀመሪያ መኪናዋ ዳገት ላይ ስትደክም የሰርባትዮውን ክዳን ከፈተ፤ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኖ ቢሆን ኖሮ አየር እየነፋ ሲገባ በተሰማ፤ መኪናዋም ወዲያው በዳነች ነበር፤ ነገር ግን አልሆነም። ሁለተኛም በናፍጣው መሥመር ላይ ውስጡን የሚያሳይ ቱቦ ቀጠለ፤ አየር ቢገባ አረፋ ይታይ ነበር፤ አረፋ አልታየም። በሦስተኛው ንጹሕ ናፍጣ የተመላ ጀሪካን ከመኪናው ውስጥ አሰረና፤ ለሞተሩ የሚሄደውንና ከፖምፓው የሚመለሰውን ቱቦ ሁለቱንም ወደ ጀሪካኑ አዞረው። በዚህ ዓይነት ከከተማው ውጭ ያለውን ዳገት ሦስት ጊዜ ወጣነው፤ መኪናዋ አንድ ጊዜ እንኳ አልደከመችም። እንግዲህ ሞተሩ፤ ፖምፓውና ፊልትሮው ከነቀፌታ ነጹ፤ በደሉ ያለው በሰርባትዮው ውስጥ መሆኑ ተረጋገጠ።

ሰርባትዮውን አውርደው ናፍጣውን በወንፊት ሲያጠሉት የእጅ መዳፍ የምታህል ቍራጭ ፌስታል ወጣች። መኪናዋ በዳገት ላይ ናፍጣውን በኃይል ስትስብ፤ ፌስታሏ ተጐትታ ከመሳቢያው ቱቦ አፍ ላይ ትለጠፍና ታንቀዋለች። ሞተሩ ሲጠፋ ስበቱ ይለቃል፤ ፌስታሏም ወደ ታች ትወርዳለች። የዐሥር ደቂቃው ዕረፍት ምሥጢር ይህ ነበር።

ልጁ ቍራጯን አንሥቶ፤ «ይህቺ ጀሪካን እንዳያፈስ ከክዳኑ ሥር የምትደረገው ናት» ሲል፤ ደማችን ከፊታችን ሸሸ። ነጂው ጎንደር ላይ ናፍጣውን ገዝቶ ካመጣ በኋላ ጥምቀተ ባሕር ለመሳለም ፈቃድ ጠይቆን ሄዶ ነበር። የመጨረሻውን ጀሪካን ቸኩለን በገዛ እጃችን የገለበጥነው እኛ ነን። ክዳኑን ስንከፍት ፌስታሏ ከአፉ ላይ ተጣብቃ ቀርታ ኖሮ፤ ከናፍጣው ጋር ገብታለች። ናፍጣው ንጹሕ ነበር፤ የገዛውም ሰው ንጹሕ ነበር።

ማታ ነጂውን ለብቻው ጠርተን ይቅርታ ልንጠይቀው አሰብን። ይህን ለባለቤታችን ስንነግራት አማታችን ሰሙና፤ «ልጄ፤ በአደባባይ ያዋረድኸውን ሰው በጓዳ አታክብረው» አሉን። ስለዚህ ራት ቀርቦ ልጆቹም ሁሉ ተሰብስበው ሳሉ ተነሥተን፤ በስም የሰደብነውን በስም ይቅር በለን አልነው። እርሱም ተነሥቶ፤ «ጌታዬ፤ ይቅር ለእግዚአብሔር» አለና ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። ታናሹ ልጃችን፤ «አባባ ተሳስቶ ነበር?» ብሎ ጠየቀ። አዎን አልነው።

እሑድ ገና ሳይነጋ ተነሣን። ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ፀሐይ ስትወጣ የጭላዳ መንጋ ከገደሉ ሥር ወጥቶ ሣር ይነጭ ነበር፤ ልጆቹ ሊያዩት ወርደው በደስታ ጮኹ። ከዚያም ነጂው በዝቅተኛ ማርሽ፤ ፍሬኑን ሳያደክም፤ እያንዳንዱን ጥምዝ እየቈጠረ አወረደን። አዲ አርቃይ የደረስነው ሙሽራው ከመምጣቱ በፊት ነው። አማታችንም ጥበቡን በገዛ እጃቸው ለሙሽራዪቱ አለበሷትና መረቋት።

አንባቢዎቻችን ሆይ፤ መኪና ያላችሁ ከጀሪካን ስትቀዱ ናፍጣውን በወንፊት አሳልፉ፤ ከክዳኑ ሥር ያለችውንም ፌስታል አንሥታችሁ በእጃችሁ ያዙ። ብልሽቱ እየመጣ የሚሄድ ሲሆን መቼ፤ የት፤ በምን ሁኔታ እንደሚመጣ በወረቀት ጻፉ፤ ጭሱንም ተመልከቱ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን መሪውን የያዘውን ሰው ቃሉን ሳታቋርጡ ስሙት። እኛ በኮሶዬ ዳገት ላይ ሰምተነው ቢሆን ኖሮ፤ የአንድ ቀን ድካም ይቀርልን ነበር፤ አንድ ታማኝ ሰውም በልጆቻችን ፊት ባላዘነ ነበር።