ማሞቂያው ስለ ምን ዝም አለ?

ተጓዥ የኪነ ጥበብ ሰው ሁለት መድረኮች አሉት። አንደኛው ተመልካች የሚያየው፣ መጋረጃ የሚገለጥበትና መብራት የሚበራበት ነው። ሁለተኛው ተዋናዩ ከትርኢት በኋላ እግሩን የሚዘረጋበት፣ እጁን የሚያሞቅበትና የነገውን የሚያስብበት ማደሪያው ነው። ስለ መጀመሪያው መድረክ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙ ሂስም ተሰጥቷል። ስለ ሁለተኛው ግን ብዕሩን የሚያነሣ እምብዛም የለም። ይሁን እንጂ ሁለተኛው ሲበርድ አንደኛውም መቀዝቀዙ አይቀርም።

በእንግሊዝ አገር ለአያሌ ሰዎች ይህ ማደሪያ ጎማ ያለው ቤት ነው፤ «ካራቫን» ይሉታል። በ19ኛው መቶ ዓመት በፈረስ እየተጎተተ የተጓዥ ሕዝቦችና የትርኢት ሰዎች ቤት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1885 ቀድሞ የባሕር ኃይል ሐኪም የነበረው የልጆች ታሪክ ደራሲ ዊልያም ጎርደን ስቴብልስ «ዋንደረር» የተባለ ተጎታች ቤት በብሪስቶል ከተማ አሠርቶ፣ በሁለት ፈረሶች እያስጎተተ ከእንግሊዝ ደቡብ እስከ ስኮትላንድ ዘለቀበት። ለሽርሽር ተብለው ከተሠሩት ካራቫኖች ቀዳሚው እርሱ እንደ ሆነ ይነገርለታል። ከዚያ ወዲህ በፈረሱ ቦታ አውቶሞቢል ገባ፤ ከባዱ የእንጨት ግድግዳም በስስ የአሉሚኒየም ቆርቆሮ፣ በፎምና በኮምፔንሳቶ ተተካ። ዛሬ ግድግዳው ወደ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቢወፍር ነው።

የነገሩ ዋና ቅራኔ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። ቤቱ እንዲጓዝ ቀላል መሆን አለበት፤ ሙቀት እንዲይዝ ደግሞ ወፍራም መሆን ይገባዋል። ሁለቱን ባንድ ጊዜ ማሟላት ስለማይቻል በቅራኔው መካከል የሚቆመው ማሞቂያው ነው።

በብዙዎቹ ካራቫኖች ውስጥ ያለው ማሞቂያ በጋዝም በኤሌክትሪክም ይሠራል። የኤሌክትሪኩ ክፍል ብዙውን ጊዜ ሦስት ደረጃዎች አሉት፤ 500፣ 1000 እና 2000 ዋት። ውስጡ የሚገኘው የተጠቀለለ ሽቦ ኮረንቲ ሲያልፍበት ይግላል፤ ማራገቢያው የሞቀውን አየር እየገፋ በወለሉ ዳርና በአልጋው ሥር በተዘረጉ ቱቦዎች ወደ ማእዘናቱ ይልካል። እንግሊዛዊው ጀምስ ጁል በ1840ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) እንዳረጋገጠው፣ በሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት የኮረንቲው ካሬ በሽቦው ተቃውሞ ሲባዛ የሚገኘውን ያህል ነው። ሳይቃጠል ለረጅም ጊዜ እየጋለ የሚኖረውን የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ ደግሞ አሜሪካዊው አልበርት ማርሽ እ.ኤ.አ. በ1906 በስሙ አስመዘገበው። በእኛ ቤት በኤሌክትሪክ ምጣድ ሥር፣ በሸክላው ቦይ ውስጥ የሚተኛው ጥቅልል ሽቦ የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። ስለዚህ የካራቫን ማሞቂያ ለአንባቢ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም።

የሚከተለው የአንድ ባልና ሚስት ጉዳይ ነው። ባል «ፓንች» የተባለውን የአሻንጉሊት ትርኢት የሚያሳይ ተጫዋች ነው። ይህ ትርኢት በእንግሊዝ አገር ሥር የሰደደ ነው፤ ሳሙኤል ፒፕስ የተባለው የዕለት ማስታወሻ ጸሐፊ ለንደን ውስጥ ኮቨንት ጋርደን ላይ እንዳየው የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1662 ነበር። ተጫዋቾቹ በልማድ «ፕሮፌሰር» እየተባሉ ይጠራሉ፤ አሻንጉሊቶቹን እንደ ጓንት በእጃቸው አጥልቀው ያጫውቷቸዋል። ፓንች ከቀኝ እጅ አይወርድም፤ ሌሎቹ በግራ እጅ ይፈራረቃሉ። እንግዲህ የዚህ ሰው መሣሪያዎች ጣቶቹ ናቸው። ዕድሜው እየገፋ ሲሄድ መገጣጠሚያዎቹ ብርድ ባገኛቸው ቁጥር ይደርቁ ጀመር። ሚስቱ በቴያትር ቤት የኤሌክትሪክ ሠራተኛነት ብዙ ዓመት ያገለገለች ናት፤ አሁን የባሏን ትንሽ መድረክ የምታበራው እርሷ ናት።

በታኅሣሥ ወር፣ ከገና በፊት፣ ወደ እንግሊዝ ሰሜን ዘለቁ። የዓመቱ ዋና ገቢያቸው የሚገኘው በዚያ ወር ነው። ሌሊቱ ከዜሮ ዲግሪ በታች ወረደ። የያዙት ጋዝ ቡቴን ስለ ነበር ዐረፈደባቸው፤ ቡቴን ከዜሮ በታች ግማሽ ዲግሪ ግድም ላይ ከፈሳሽነት ወደ ጋዝነት መለወጡን ያቆማልና። ቅዝቃዜን የሚቋቋመው ፕሮፔን እጃቸው ላይ አልነበረም። የቀረው ተስፋ ኤሌክትሪኩ ብቻ ሆነ።

ኤሌክትሪኩም ከዳቸው። ማሞቂያው ሲከፈት ይሠራል፤ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ጸጥ ይላል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ደግሞ ማንም ሳይነካው ይነሣል፤ ተመልሶም ይጠፋል። ባል ምክንያቱን ያገኘ መሰለው። በማሞቂያው ውስጥ ሙቀት ከልክ ሲያልፍ ኮረንቲውን የሚያቋርጥ ትንሽ መከላከያ አለ። ሁለት ዓይነት ብረት ተጣብቆ የተሠራ ምላስ ነው፤ ብረቶቹ በሙቀት እኩል ስለማይረዝሙ ምላሱ ይጎብጣል፤ ሲጎብጥም መገናኛውን ይለቃል። ባል «ያረጀው ይህ ነው፤ ሁለቱን ሽቦዎች በቀጥታ አገናኝተን እንለፈው፤ ነገ ጠዋት የትምህርት ቤት ልጆች ይጠብቁኛል» አለ። የእኛ አገር የኤሌክትሪክ ሠራተኞች «ዳይሬክት ማድረግ» የሚሉት መሆኑ ነው።

ሚስት «እስከ ነገ የምንተኛው በእንጨትና በጨርቅ መካከል ነው» ብላ ከለከለችው። ከዚያም ሦስት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል አነሣች።

አንደኛው፣ ኮረንቲው በሚገባ ይደርሳል ወይ? የሚል ነበር። የሰፈሩበት ቦታ ለእያንዳንዱ ካራቫን የሚሰጠው 10 አምፔር ነው። 2000 ዋት በ230 ቮልት ሲካፈል 8.7 አምፔር ይሆናል፤ ስለዚህ ማሞቂያውን ብቻውን ይችላል። 1000 ዋት የሚወስድ የሻይ ማፍያ ቢጨመርበት ግን ድምሩ 13 አምፔር ስለሚሆን ብሬከሩ ሊወድቅ ይችላል። ብሬከሩ ግን አልወደቀም። በቴስተር ስትለካው ቮልቱ በሙሉ ጭነት 222 ነበር። ጉልበቱ በቮልቱ ካሬ ስለሚቀንስ ማሞቂያው ከ2000 ዋት ይልቅ 1860 ዋት ገደማ ይሰጣል ማለት ነው። ይህ ጥቂት ጉድለት ነው እንጂ የዝምታው ምክንያት ሊሆን አይችልም። ይሁንና 25 ሜትር የሚሆነው ገመድ እኩሌታው እንደ ተጠቀለለ ከካራቫኑ ሥር ተቀምጦ፣ ጥቅልሉም ሞቆ አገኘችው። ወዲያውኑ ዘረጋችው፤ ተጠቅልሎ ጭነት የሚሸከም ገመድ ሙቀቱን መልቀቂያ አጥቶ መሸፈኛውን ሊያቀልጥ ይችላልና። አደገኛ ጥፋት ነበር፤ ግን የተፈለገው ጥፋት አልነበረም።

ሁለተኛው፣ ሬዚስታንሱ ጤነኛ ነው ወይ? የሚል ነው። ገመዱን ከውጭ ነቅላ ኮረንቲ አለመኖሩን አረጋገጠች። ከዚያም ተቃውሞውን ለካች። 2000 ዋት በ230 ቮልት የሚሰጥ ሽቦ 26 ኦም ተኩል ገደማ ሊያሳይ ይገባል፤ መሣሪያውም ይህንኑ አሳየ። ሽቦው አልተበጠሰም፤ ከብረት አካሉ ጋርም አልተነካካም።

ሦስተኛው፣ የተፈጠረው ሙቀት የሚሄድበት አለው ወይ? የሚለው ነው። መልሱ የተገኘው እዚህ ነበር። የማራገቢያው ክንፎች በአቧራ፣ በፀጉርና ከአሻንጉሊት ልብስ በረገፈ ክር ተጀቡነዋል። በአልጋው ሥር የሚያልፈው ቱቦ ደግሞ ከባድ ሣጥን ተጭኖት ተጨፍልቋል። ሣጥኑ የአሻንጉሊቶቹ ማስቀመጫ ነበር። የሞቀው አየር መውጫ ሲያጣ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ማሞቂያው ራሱን ማቃጠል ሲጀምር ያ ትንሽ ምላስ ይጎብጥና ያቋርጣል። አርጅቷል የተባለው መከላከያ በዚያ ቤት ውስጥ ሥራውን በትክክል ይሠራ የነበረ ብቸኛው ክፍል ነበር።

የመጀመሪያው ጥገና አንድ ሰዓት አልፈጀም። ክንፎቹ ተጠረጉ፤ የተጨፈለቀው ቱቦ ተቀየረ፤ ሣጥኑ ወደ ሌላ ጎን ተዛወረ። ባል በማግስቱ ፓንችን በቀኝ እጁ አጥልቆ በልጆቹ ፊት ቆመ።

ሚስት ግን በዚህ አላበቃችም፤ መጠገን አንድ ነገር ሲሆን ማሻሻል ሌላ ነገር ነው። በቀጣዮቹ ቀናት ሣጥኑ ተመልሶ እንዳይጫነው ለቱቦው የእንጨት መከለያ ሠራችለት። ቱቦው ከወለሉ በታች ወጥቶ በሚያልፍበት ስፍራ ሙቀቱን ለመንገድ እየመጸወተ ስለ ነበር በሙቀት መያዣ ጨርቅ ሸፈነችው። የሙቀት መቆጣጠሪያው ዐይን ከአየር መውጫው ፊት ለፊት ስለ ነበረ ክፍሉ ሳይሞቅ «ሞቋል» እያለ ያሳስት ነበር፤ ወደ መሐል ግድግዳ አዛወረችው። ከጣሪያው ሥር የሚከማቸውን ሙቀት ወደ እግር ለማውረድ ማራገቢያው በዝግታ ሳያቋርጥ እንዲዞር አደረገች። በመስኮቶቹም ላይ ወፍራም መጋረጃ ሰቀለች፤ ያገለገለ የመድረክ መጋረጃ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ አልነካችም። በወለሉና በጣሪያው ላይ ያሉት የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎች ብርድ ያስገባሉ። ባል በጨርቅ ሊደፍናቸው ፈልጎ ነበር። ነገር ግን በዚያው ቤት የጋዝ ምድጃ አለ፤ በደንብ ያልነደደ ጋዝ ደግሞ ሽታም ቀለምም የሌለውን፣ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ የሚገድለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወልዳል። ከዚህም ሌላ ከሁለት ሰዎች እስትንፋስ የሚወጣው እርጥበት መውጫ ካላገኘ በቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ውሃ ሆኖ ይወርዳል፤ እንጨቱንም ያበሰብሳል። ሙቀትን የሚሻ ሰው ለንጹሕ አየር ጥቂት ብርድ መክፈል ግዴታው ነው።

አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። የዚህ ጉዳይ ትምህርትም ከዚህ አይርቅም። ሥራ ሲቆም የሰው ዐይን በመጀመሪያ የሚያርፈው ባቆመው ላይ ነው፤ ባስቆመው ምክንያት ላይ አይደለም። ሂስ ሲሰማ ሂሱን የሰነዘረው ሰው ይጠየቃል፤ ተማሪዎች በጅምላ ሲወድቁ ፈተናው ይወቀሳል፤ ተመልካች አዳራሹን ጥሎ ሲወጣ «ንቃቱ ዝቅተኛ ነው» ይባላል። መከላከያውን አልፎ ሽቦውን በቀጥታ ማገናኘት ሁልጊዜ ቀላል ነው፤ ለአንድ ሌሊትም ያሞቃል። የሚያስከፍለው ዋጋ ግን የሚታወቀው ጭሱ ሲሸት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ቱቦውን የጨፈለቀው ባዕድ ዕቃ ወይም የጠላት ተንኮል ሳይሆን የሚወዱት ሣጥን ነበር፤ እንጀራቸውም ክብራቸውም ያለበት። የኪነ ጥበብ ሰው ሥራውን ስለሚወድ ሥራው የተጫነውን ነገር አያይም፤ የባልደረባውን ድካም፣ የቤተሰቡን ብርድ፣ ከመድረክ በስተጀርባ ያለውን ሠራተኛ ትንፋሽ። ሣጥኑን መጣል አያስፈልግም፤ ማንሣትና ከሥሩ ያለውን መመልከት ግን ያስፈልጋል።