ከዲዩቲ መልስ የማይመጣው እንቅልፍ

ኅዳር 2018 ጂንካ ላይ የማርበርግ ቫይረስ መገኘቱ በተነገረ ማግስት፣ በኮቪድ ጊዜ አብረን የሠራን የጤና ባለሙያዎች የቴሌግራም ግሩፕ እንደገና ነፍስ ዘራ። አንዷ «እዚያ ያሉት ይተኙ ይሆን?» ብላ ጻፈች። ማንም አልሳቀባትም።

ለሌላ ሰው ጥያቄው ቅንጦት ይመስላል። እኛ ግን መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ ከተገኘ በኋላ በነበሩት ወራት ምን እንዳሳለፍን እናውቃለን። ፈረቃችንን ጨርሰን ኳራንታይን ስንገባ ሆቴል ተያዘልን። ንጹሕ አንሶላ፣ ወፍራም መጋረጃ፣ ምግብ እስከ በር ድረስ። እንቅልፍ ግን በዓይናችን አልዞር አለ። ስገላበጥ ቆይቼ ገና ሸለብ ሲያደርገኝ የሞኒተር ጩኸት ሰምቼ ብድግ እላለሁ፤ ለካ የኮሪደሩ ሊፍት ኖሯል። ከጎኔ ክፍል የነበረችው ሲስተር ቴሌቪዥን ሳትከፍት መተኛት አቅቷት፣ ሌሊቱን ሙሉ የዜናው ድምፅ በግድግዳ በኩል ይመጣብኝ ነበር፤ የዕለቱ የሟቾች ቁጥር ሳይቀር።

ያኔ ሁሉም ችግሩ የራሱ ድክመት ይመስለው ነበር። ቻይና ውስጥ ግን ገና በጥር 2012፣ በ34 ሆስፒታሎች የሚሠሩ 1,257 ሐኪሞችና ነርሶች ተጠይቀው 34 በመቶዎቹ የእንቅልፍ ማጣት ምልክት ታይቶባቸዋል።

ፍርሃቱ አንድ ነገር ነው። ቤተሰብ ላይ በሽታ ይዤ እገባለሁ የሚለው ጭንቀት ጎንን ያሳርፋል እንዴ? የሰውነት ሥሪት ደግሞ ሌላ ነው። የውስጥ ሰዓታችን የሚመራው በብርሃን ነው፤ ሌሊት ሠርተን ጠዋት ፀሐይ ፊታችን ላይ ስታርፍ አንጎል «ነጋ፣ ተነስ» ይላል። ቡናውንም አስቡት። የካፌይን መጠን በግማሽ ለመቀነስ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ ላለመተኛት ብለን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከጠጣነው ውስጥ ግማሹ፣ ጠዋት 2 ሰዓት አልጋ ላይ ስንወጣ ገና ደማችን ውስጥ ነው። መድኃኒት ቅርባችን መሆኑም የራሱ ጣጣ አለው፤ ዳያዜፓም ጀምሮ ማቆም ያቃተው ባልደረባ ነበረን።

የተሰጠን መፍትሔ ምክር ነበር። «ስልክ አትነካኩ፣ ሞቅ ያለ ወተት ጠጡ፣ አእምሯችሁን አሳርፉ» የተባልንበት ሥልጠና የተጠራው ከሌሊት ዲዩቲ በወጣን ጠዋት ነው። ግማሹ ሰልጣኝ ወንበር ላይ አንቀላፋ። (ሥልጠናው የዋለው ውለታ ቢኖር እሱ ነው።) «ጀግኖቻችን» መባሉ ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ግን ጀግናም ቢሆን 17 ሰዓት ነቅቶ ከቆየ ቅልጥፍናው መጠጥ እንደቀመሰ ሰው እንደሚሆን በጥናት ታይቷል። ያ ሰው ነው እንግዲህ ዶዝ የሚያሰላው።

ስለዚህ የምናገረው ለማይተኛው ሳይሆን ፕሮግራም ለሚያወጣው ነው። ሜትሮኖች፣ የክፍል ኃላፊዎች፦ ሌሊት ያደረን ሰው ለጠዋት ስብሰባ አታቆዩት። ሌሊቶቹን አትደራርቡበት። የዲዩቲ ክፍሉ መጋረጃና ከውስጥ የሚቆለፍ በር ይኑረው። የዲዩቲ ክፍያውም በወቅቱ ይግባ፤ ክፍያ በዘገየ ቁጥር ነርሷ ቀን ሌላ ክሊኒክ ትቀጠራለች። ቀን እዚያ፣ ሌሊት እናንተ ዘንድ ከሆነች መቼ ትተኛ?