ለሠርግ የተነሣች ድሮን

የሠርግ ወራት በመጣ ቁጥር ከእልልታውና ከጭፈራው በላይ አንድ አዲስ ድምፅ መሰማት ከጀመረ ሰንብቷል። ድምፁ ንብ ቀፎዋን ለቅቃ ስትወጣ ከምታሰማው ጋር ይመሳሰላል። ቀና ብለው ሲመለከቱ፣ ከምጣድ ያነሰች፣ አራት ሽክርክሪት ያላት ነገር ከሙሽሮቹ ራስ በላይ ቆማ ትታያለች። ድሮን ናት። ሙሽራዪቱ ፈገግ ትላለች፤ ሚዜዎች እጃቸውን ያነሣሉ፤ ሕፃናት እየሮጡ ይከተሏታል። ስለ ሕፃናት አመጋገብና ስለ ቤት አያያዝ በሚጻፍበት በዚህ የቤተሰብ ዓምድ ስለ ድሮን መጻፋችን ለአንዳንድ አንባብያን እንግዳ ነገር ሊሆንባቸው ይችላል። ሆኖም ይህች ዕቃ ከጦር ሜዳ አልፋ ሳሎን ገብታለችና፣ የባሎቻችን ጉዳይ ናት ብለን የምንተዋት አልሆነችም።

ይህን የምንጽፈው በካርቱም ከተማ፣ ካላክላ በሚባለው ሰፈር፣ አንድ ግቢ ተከራይተን ለዓመታት አብረን የኖርን አራት ኢትዮጵያውያት ነን። ዛሬ ከመካከላችን ሁለታችን የወታደር ሚስቶች ነን። ካላክላ ከካርቱም በስተደቡብ፣ በነጭ ዓባይ ዳር የሚገኝ ሰፊና ሞቅ ያለ ሰፈር ነው። ለፋ ከሚባለው ገበያና የአውቶቡስ መናኸሪያ ወርደን፣ በረክሻ ተሳፍረን፣ አቧራ ለብሰን ቤታችን እንገባ ነበር። በበጋ ሙቀቱ ቤት ውስጥ ስለማያስተኛ፣ እንደ አገሬው ሰው አልጋችንን ወደ ግቢ አውጥተን ከሰማይ በታች እንተኛለን። የካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ ያለው በከተማይቱ መካከል ሲሆን፣ መንደርደሪያው ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ ነው። ከደቡብ የሚመጣ አውሮፕላን ከእኛ በስተምሥራቅ በኩል መብራቱን እያብለጨለጨ ዝቅ ሲል፣ በተጋደምንበት ሆነን እንመለከተዋለን። ከአዲስ አበባ የሚመጣውን በሰዓቱ ለይተን «የእኛው ነው» እንባባላለን። ማን መጥቶ ይሆን? ማንስ ይሳፈርበት ይሆን? ለስደተኛ ሰው እንዲህ ያለው መብራት ከመብራትነት የበለጠ ነገር ነው።

በዚያ ሰፈር የጎረቤታችን ልጅ ስታገባ የቪድዮ አንሺው ወጣት ከጣሪያው ላይ ወጥቶ ድሮኑን አስነሣ። ፀሐይ ዓባይ ላይ ስትጠልቅና የሙሽራዪቱን ቤት በአንድነት ለማንሣት ፈልጎ ነበር። ድሮኗ ከፍ፣ አሁንም ከፍ አለች። በዚህን ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ «ዐም» እያለ የሚጠራቸው አንድ አዛውንት ከዘራቸውን ይዘው ከግቢያቸው ወጡ። ዕድሜያቸውን የፈጁት በአውሮፕላን ማረፊያው በምድር ሥራ ነው። ወደ ጣሪያው ቀና ብለው፣ «ያ ወለዲ፣ አውርዳት» አሉት። ወጣቱም ማረፊያው እጅግ ሩቅ መሆኑን በትሕትና አስረዳ። አዛውንቱ ግን ጠዋት ጠዋት ከመንደርደሪያው ላይ የሞቱ ወፎችን ሲለቅሙ መኖራቸውን ነገሩት፤ ቀጥለውም «ወፍ እንኳ ስትችል ትሸሻለች፤ ይህች ዐይን የላትም» አሉ። ወጣቱ ስቆ፣ «ዐም፣ ዐይን አላት እንጂ! ካሜራ እኮ ናት» ሲላቸው፣ «የምታየው ሙሽራዋን ነው» ብለው መለሱለት። እርሱም አወረዳት። ያወረዳት ነገሩ ገብቶት ሳይሆን ዕድሜያቸውን አክብሮ ነው ብለን እናምናለን።

ቡና ስናቀርብላቸው ወደ እኛ ዘወር ብለው፣ «እናንተ ሐበሾች ናችሁ፤ የባሕር ዳሩን አታውቁምን?» አሉን። ከመካከላችን የባሕር ዳሯ ልጅ ከእናቷ ሰምታ ኖሮ ታውቀው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 አውሮፕላን ወደ አስመራ ለመብረር ከባሕር ዳር ገና እንደ ተነሣ የርግብ መንጋ ገጠመው። ርግቦቹ በሁለቱም ሞተሮች ገቡ። አብራሪዎቹ አውሮፕላኑን ለመመለስ ቢታገሉም ሞተሮቹ ኃይላቸውን እያጡ ሄዱ፤ አውሮፕላኑም በሆዱ ሜዳ ላይ ወርዶ በእሳት ተያያዘ። በውስጡ ከነበሩት 104 ሰዎች መካከል 35ቱ ሞቱ። ያን ያህል ጥፋት ያደረሰችው ርግብ ክብደቷ የግማሽ ኪሎ ግራም ያህል እንኳ የማይሞላ፣ ሥጋዋና አጥንቷ ለስላሳ የሆነ ፍጥረት ናት።

ድሮን ግን ሥጋ አይደለችም። ብረት ያለባቸው ትናንሽ ሞተሮች፣ ካሜራና ሲመታ እሳት ሊያነሣ የሚችል የሊትየም ባትሪ ተሸክማለች። በገበያ ከሚሸጡት መካከል ከ250 ግራም ጥቂት የምታንስ አለች፤ አንድ ኪሎ የምትደርስና ከዚያም የምታልፍ አለች። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ የዴይተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ኪሎ የሚጠጋ ድሮን በሰዓት 383 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በአንዲት ትንሽ አውሮፕላን ክንፍ ላይ ቢተኩሱት፣ የክንፉን ፊት በስቶ ገብቶ ዋናውን ተሸካሚ አካል ጎዳው። የድሮኑ ፋብሪካ ፍጥነቱ ከእውነተኛው በረራ የበለጠ ነው ሲል ተከራክሯል። ክርክሩን ለባለሙያዎች እንተወው። ክንፉ ግን ተበስቷል።

የደረሰም አለ። ጥር 1 ቀን 2017 ዓ.ም. በአሜሪካ ሎስ አንጀለስ ከተማ ታላቅ የእሳት ቃጠሎ ሲነድ፣ አንድ ሰው ጉዳቱን ለማየት ብሎ ከመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ላይ ትንሽ ድሮን አስነሣ። ድሮኗ ከዐይኑ ርቃ ሄደች፤ ውኃ እየቀዳ እሳቱን ያጠፋ የነበረ አውሮፕላንም ጋር ተጋጭታ ግራ ክንፉን ሸነቆረችው። አውሮፕላኑ በሰላም ቢያርፍም እሳቱ እየነደደ እርሱ ለቀናት ከሥራ ውጭ ሆነ። ሰውዬው ክፉ አሳቢ አልነበረም፤ ለማየት ጓጓ እንጂ።

እስከ ዛሬ ከገበያ በተገዛ ድሮን ምክንያት የወደቀ የመንገደኞች ጄት አውሮፕላን አናውቅም፤ ለማስፈራራትም አንጽፍም። ነገር ግን ጉዳት የሚደርሰው በግጭት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2018 ከገና በዓል በፊት በነበሩት ቀናት፣ በእንግሊዝ አገር በጋትዊክ አውሮፕላን ማረፊያ ድሮን ታየ በመባሉ 1,000 ያህል በረራዎች ተስተጓጉለው 140,000 ያህል መንገደኞች ተጉላሉ። በነገሩ የተፈረደበት ሰው የለም። መታየቷ ብቻ በቃ።

ስለ ርቀቱም አንድ ነገር እንጨምር። የሚያርፍ አውሮፕላን ቀስ እያለ ስለሚወርድ ከመንደርደሪያው ጫፍ 5 ኪሎ ሜትር ላይ ሳለ ከምድር ከፍታው ከ300 ሜትር አይበልጥም፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ሲቀረው 120 ሜትር ገደማ ነው። በብዙ አገሮች ለድሮን የተፈቀደው የከፍታ ጣሪያም ይኸው 120 ሜትር ነው። አውሮፕላኑ በዚያን ጊዜ በሰከንድ 70 ሜትር ያህል ይጓዛል። አብራሪው አንዲት የምጣድ ግማሽ የምታህል ግራጫ ነገር አይቶ እስኪያውቃት ድረስ አልፏታል፤ ወይም መትቷታል።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቅዳም ሹር ነበር። ለሙስሊም ጎረቤቶቻችንም የረመዳን የመጨረሻ ቀናት ነበሩ። ዶሮው ተገዝቶ፣ ሽንኩርቱ ተከትፎ ሳለ ከከተማው በኩል የተኩስ ድምፅ ተሰማ። በዚያው ቀን አውሮፕላን ማረፊያው የጦር ሜዳ ሆነ፤ ለመነሣት ሲዘጋጅ የነበረ የሳዑዲ አየር መንገድ ኤርባስም ተመታ። «የእኛው ነው» የምንለው መብራት በዚያች ሌሊት አልመጣም። እኛም ከሳምንታት በኋላ በመኪና በገዳሪፍና በገላባት አድርገን በመተማ አገራችን ገባን። ከዚያ ወዲያ በካርቱም ያቺ የሠርግ ድሮን የምትመስለው ባለ አራት ሽክርክሪት ቦምብ መጣያ ሆና ዋለች። ማረፊያውን የሱዳን ጦር መጋቢት 17 ቀን 2017 ዓ.ም. መልሶ ቢይዘውም፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ የአገር ውስጥ በረራ ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው፣ በአካባቢው የድሮን ጥቃት ደረሰ። በማግሥቱ የባድር አየር መንገድ አውሮፕላን ከፖርት ሱዳን መጥቶ አረፈ።

እርግጥ ነው፣ ያ የጦር መሣሪያ ነው፤ የሠርጉ ሌላ ነው። ችግሩ ያለው ከታች ሆኖ በሚያየው ሰው ላይ ነው። በማማው ላይ ያለ ተቆጣጣሪ፣ ወይም በአጥሩ ዙሪያ ዘብ የቆመ ወታደር፣ አንዲት ነጥብ ሰማይ ላይ ሲያይ የሙሽራ ትሁን የጠላት በምን ያውቃል? እንደ ጠላት ሊቆጥራት ግዴታው ነው። ከወዲያ ማዶ መቆጣጠሪያውን በእጁ የያዘው ደግሞ የአሥራ አራት ዓመት የሠፈራችን ልጅ ሊሆን ይችላል። የዘቡ ሚስትና የልጁ እናት ደግሞ አንድ ቧንቧ ላይ ውኃ የሚቀዱ ሴቶች ናቸው። እኛን እንቅልፍ የሚነሣን ይህ ነው።

በአገራችን ድሮን ያለ ኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ፈቃድ ማስገባት አይቻልም፤ በጉምሩክም ይያዛል። ይህን ብዙ ሰው የሚያውቀው ቦሌ ላይ ዕቃው ሲያዝበት ነው። እንደ ባሕር ዳርና እንደ ድሬዳዋ ባሉ ከተሞች ደግሞ የሲቪልና የጦር አውሮፕላኖች አንዱን ማረፊያ ይጋሩታልና ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ስለሆነም ሠርግ የምትደግሱ እኅቶች፣ ከቪድዮ አንሺው ጋር ስትዋዋሉ ስለ አልበሙ ብቻ ሳይሆን «ፈቃድህን አሳየን፤ የት ሆነህስ ታስነሣለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቅር የሚለው ቢኖር ሌላ ቪድዮ አንሺ አይጠፋም።

ከመካከላችን የአንዷ ወንድም በዱባይ ይሠራል። ባለፈው ጊዜ ለእኅቱ ልጅ ለገና ድሮን ገዝቶ ሊልክለት ማሰቡን በስልክ አበሠራት። ልጁም ሰምቶ ኖሮ ሌሊቱን አልተኛም። እርሷ ከባለቤቷ ጋር ተማክራ፣ በማግሥቱ ለወንድሟ ደውላ፣ «ወንድም ዓለም፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ይህን ግን ተወው» አለችው። ልጁ አኩርፎ ሁለት ቀን ሰነበተ። በሦስተኛው ቀን ወንድሟ መልሶ ደውሎ፣ የኳስ ጫማ ቁጥሩ ስንት እንደ ሆነ ጠየቀ።