የተሸነፈ ይከፍላል



ሶዶ ላይ ጌም ቤት ገብታችሁ የምታውቁ ወንድሞች የኛን ቤት ሳታዩትም ታውቁታላችሁ። ሦስት ጓደኛሞች ሆነን ነው የከፈትነው። ሁለት ፕሌይስቴሽን፣ አንድ ፑል፣ ኳስ የምናሳይበት ትልቅ ቴሌቪዥንና በሳንቃ የተመቱ አግዳሚዎች። በሩ አንድ ብቻ። ወላይታ ድቻ በመጋቢት 2010 ካይሮ ላይ ዛማሌክን በፍጹም ቅጣት ምት ሲያሰናብት እንዲህ ባለ ቤት ታጭቀን ስንዘል ጣሪያው አልወደቀብንም ነበር። ስለዚህ የኛም አይወድቅም ብለን አመንን።

አንድ ቅዳሜ ማታ ማከፋፈያው ብልጭ አለና ጨሰ። እሳቱ ትንሽ ነበር፣ በአፈር አጠፋነው። ሕዝቡ ግን ወደዚያች አንድ በር ጎረፈ፤ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ተረግጦ ክንዱ ተሰበረ። አባቱ የሰፈራችን ሰው ናቸው፣ ፕሮቴስታንት ናቸው። ሽማግሌ ይዘን ሄድን። «ልጄ ተርፎልኛል፣ ከናንተ ጋር ፍርድ ቤት አልቆምም» አሉን። ማሳከሚያውን ተበድረን ከፈልን። ቴሌቪዥኑ ተቃጠለ፣ ቤቱም ሁለት ወር ተዘጋ። የልጁ ክንድ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም።

ያን ሰሞን የሚያገኘን ሁሉ «ኢንሹራንስ አልነበራችሁም?» ይለን ነበር። አልነበረንም። ከወራት በፊት አንድ የመድን ወኪል መጥቶ ቤቱን ዞሮ አይቶ ነበር። ግድግዳው ከምን እንደተሠራ፣ መስመሩን ማን እንደዘረጋ፣ ስንት ሰው እንደሚገባ፣ ቢንጎ ወይ ቤቲንግ እንዳለን ጠየቀ። «ቁማር ሐራም ነው፣ ያንተም ኢንሹራንስ ያው ቁማር ነው» ብለን ሸኘነው። እውነቱን እንናገር ካልን ኮርተን ነበር። እሱ ሲወጣ ፑሉ ላይ ሁለት ልጆች ይጫወቱ ነበር፤ የተሸነፈ የጠረጴዛውን ይከፍላል።

ከአደጋው በኋላ ኡስታዛችን ጋ ሄደን ስለ ኢንሹራንስ ስንጠይቅ እሳቸው ስለ ፑሉ ጠየቁን። «ሒሳቡን የሚከፍለው ማነው?» አሉ። ዝም አልን። ሱረቱል ማኢዳ 90ኛዋን አንቀጽ በቃላችን እናውቃታለን፤ ቁማር ስንል ግን ሁልጊዜ የምናስበው የጎረቤቱን ቤቲንግ ቤት ነበር።

ስለ መድን ያስረዱን እንዲህ ነው። ቁማር ያልነበረውን ስጋት ይፈጥራል፤ መድን ያለውን ስጋት ያከፋፍላል። በ1952 የወጣው የንግድ ሕጋችንም የንብረት መድንን የካሳ ውል ያደርገዋል፤ ከጠፋብህ በላይ አትቀበልም። እንግሊዞች በአንድ ዘመን በማያውቁት ሰው ሕይወት ላይ ውል እየገቡ ይወራረዱ ስለነበር በፈረንጆቹ 1774 በሕግ ከለከሉት። ይህ ሁሉ ግን የንግዱን ኢንሹራንስ ሐላል አያደርገውም። ገረሩ አለ፣ ገንዘቡ በወለድ መዋሉ አለ። ሸይኽ ሙስጠፋ አዝ-ዘርቃን የመሰሉ የፈቀዱ ዓሊሞች ቢኖሩም፣ የእስልምና ትብብር ድርጅት የፊቅህ አካዳሚ በ1985 ጅዳ ላይ የንግዱን ከልክሎ የመተባበሩን መንገድ አማራጭ አድርጓል።

የመተባበሩ መንገድ ተካፉል ነው። ለኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም፤ እድር ማለት ነው፣ ሒሳቡ በባለሙያ የሚያዝ እድር። መዋጮው በተበሩዕ ይሰጣል፣ አስተዳዳሪው የድካሙን ክፍያ ይወስዳል፣ የተረፈው የአባላቱ ነው። ሱዳን በ1979 ጀመረችው፣ የኛ ብሔራዊ ባንክም በ2020 መመሪያ አውጥቶለታል (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው)። የእድራችን ድንኳን ሰው ሲሞት ይተከላል፤ ሱቅ ሲቃጠል ግን የሚተከል ድንኳን የለንም።

ጌም ቤት ያላችሁ ሁለት ነገር ልብ በሉ። የእሳት መድን ዕቃችሁን እንጂ የተረገጠውን ልጅ አያሳክምም፤ ለእሱ የኃላፊነት መድን የሚባል ሌላ ውል አለ። ለመኪና የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ግዴታ ነው፤ እኛን ግን መቶ ሰው በአንድ በር ስናስገባ የጠየቀን አልነበረም። ሁለተኛው፣ ክፍያ ለመቀነስ ዋጋ አሳንሳችሁ አታስመዝግቡ። የ400 ሺህ ብር ዕቃ በ200 ሺህ ቢመዘገብና የ100 ሺህ ብሩ ቢቃጠል፣ የሚከፈላችሁ 50 ሺህ ነው። ግማሹን ራሳችሁ እንደያዛችሁት ይቆጠራል።

አሁን ፑሉ በሰዓት ነው፤ ሁለቱም እኩል ይከፍላሉ። ደንበኛ ቀንሷል፣ አንዳንዱ «ጣዕም የለውም» ብሎ ሄደ። የጥጉን ክፍል ለቤቲንግ አከራዩን ያሉን ሰዎች የሚሰጡት ኪራይ የኛን ወርሃዊ ዕዳ ይሸፍን ነበር፣ ከሦስታችን አንዱ ሁለት ቀን አኩርፎ ነው የተስማማው። አከራያችን በስተጀርባ ሁለተኛ በር እንድንከፍት ፈቅደውልናል፤ ብረቱን ለበያጅ ሰጥተናል። ልጁ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል፣ አናስከፍለውም። የሚቀመጠው ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ነው።