«ልቡ የተሰፋ ሰው ይሮጣል እንዴ?»

ዛሬ ይዣችሁ የምሻገረው ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ። ከዋሽንግተን በቀዩ መስመር ባቡር መጥታችሁ ከወረዳችሁ በኋላ ጆርጂያ አቬኑን ይዛችሁ ወደ ፌንተን ጎዳና ዘወር ስትሉ በአማርኛ የተጻፈ ማስታወቂያ ይቀበላችኋል። እንጀራው በፌስታል ታስሮ ይሸጣል፣ ታክሲ ነጂዎቹ ማኪያቷቸውን ይዘው የአገር ቤትን ፖለቲካ ይተነትናሉ። «ሃያ ሁለት ነው እንዴ ያለሁት?» ያሰኛል።

እኔ ግን የሄድኩት ለሽርሽር አልነበረም። ግማሽ ዕድሜያቸውን ታክሲ መሪ ላይ የጨረሱት አጎቴ የልብ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ነው። ባይፓስ ይሉታል። ከእግር ወይም ከደረት ጤነኛ የደም ሥር ተወስዶ ለተዘጋው የልብ ቧንቧ ሌላ መተላለፊያ ይሠራለታል። ለታክሲ ነጂ ማስረዳት አያስቸግርም፤ ዋናው መንገድ ሲዘጋ በውስጥ ለውስጥ ማለፍ ማለት ነው።

ቤታቸው ስደርስ ለቅሶ ቤት የገባሁ መሰለኝ። ሶፋው ሞልቷል፣ ዶሮው፣ ክትፎው፣ ጭማቂው ተደርድሯል። ጋሼ መሐል ቁጭ ብለው የልብ ቅርጽ ያለው ትራስ አቅፈዋል። ትራሱን የሰጣቸው ሆስፒታሉ ነው፤ ሲያስላቸው ደረታቸውን ደገፍ እንዲያደርጉበት። ሽንት ቤት ለመሄድ ብድግ ሲሉ ሦስት ሰው አብሮ ይነሳል። «ኧረ በማርያም! ይቀመጡ!»

እርግጥ የደረት አጥንታቸው ተከፍቶ የተገጠመ ስለሆነ ለሳምንታት ከባድ ዕቃ ማንሳት ክልክል ነው። መራመድን ግን ማን ከለከለ? ነርሶቹ ገና ሆስፒታል እያሉ ኮሪደሩን ሲያስኬዷቸው ነበር። ቁጭ ያደረጋቸው ዘመድ ነው፤ ያውም በፍቅር። ይባስ ብሎ ጋሼ ደረጃ መውጣት ፈርተው፣ ፎቅ ላይ ያለውን መኝታ ቤታቸውን ትተው ሳሎን ነበር የሚያድሩት።

ፍሪጁ ላይ በማግኔት የተለጠፈ አንድ ወረቀት አየሁ። የልብ ማገገሚያ ፕሮግራም ነው፤ በሳምንት 3 ቀን፣ ለ12 ሳምንት፣ በድምሩ 36 ጊዜ። ዕድሜያቸው ከ65 ስላለፈ ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የጤና መድን አብዛኛውን ይችልላቸዋል፤ እሳቸውም የሚከፍሉት ድርሻ አለ። ጋሼ ወረቀቱን ገላመጥ አድርገው «ልቡ የተሰፋ ሰው ይሮጣል እንዴ? ደግሞስ 36 ጠዋት ከሥራ ስቀር የቤቱን ዕዳ ማን ይከፍልልኛል?» አሉ። የመጀመሪያው ጥያቄ ያስቃል፣ ሁለተኛው አያስቅም።

ያሳመናቸው ሐኪም አይደለም። ከሳቸው ቀደም ብሎ እንደሳቸው ባይፓስ የተሠራለት አንድ የታክሲ ጓደኛቸው ነው። «አንተ ሰውዬ፣ እኔ 36ቱንም ጨርሻለሁ። አንድ ቀን ሂድና እየው፤ ካስጠላህ ትተወዋለህ» አላቸው። በማግስቱ ልጃቸው ነዳች፣ እኔም አብሬ ሄድኩ። ለራሳቸው መንዳት ገና አልተፈቀደላቸውም። ስንት ዓመት ታክሲ የነዳ ሰው የኋላ ወንበር ላይ ሲቀመጥ እንዴት እንደሚያደርገው አልነግራችሁም። «ፍሬን! ፍሬን ያዢ እንጂ!»

ክፍሉ ጂም ነው የሚመስለው። መሮጫ ማሽን፣ ቦታውን የማይለቅ ብስክሌት፣ በክንድ የሚዞር ፔዳል። ስኒከር ያጠለቁ አያቶች ደረታቸው ላይ ሽቦ ተለጥፎ ይራመዳሉ፤ የያንዳንዳቸው የልብ ምት ስክሪን ላይ ይጓዛል፣ ነርሷም ዓይኗን አትነቅልም። ደም ግፊት ሳይጀምሩ፣ መሐል ላይና ሲጨርሱ ይለካል። የሚሮጥ ሰው ደግሞ አንድም አላየሁም! ጋሼ የመጀመሪያ ቀን ጥቂት ደቂቃ ቀስ ብለው ተራመዱ፣ አረፉ፣ ደገሙ። በቃ።

ችግር የተፈጠረው በቁጥሩ ነው። ግድግዳው ላይ ከ6 እስከ 20 የተጻፈ ሰንጠረዥ አለ፤ 6 ማለት ምንም ድካም የለም፣ 20 ማለት አልቻልኩም ነው። ነርሷ «ስንት ነው የተሰማዎት?» ትላለች። ጋሼ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላሉ። ልጃቸው ተረጎመች። ነርሷ ደግማ ጠየቀች። አሁንም «ይመስገን»! እኛ አገር ድካምን በቁጥር መናገር ማማረር ይመስላል። እዚያ ግን የማሽኑ ፍጥነት የሚስተካከለው አንድም በዚያች ቁጥር ነው፤ ከ11 እስከ 13 አካባቢ ነው የሚፈልጉት። በሦስተኛው ቀን ጋሼ ላባቸውን ጠርገው «15» አሉ፤ ነርሷ ወዲያው ፍጥነቱን ቀነሰችላቸው። ያን ቀን ይመስለኛል ያመኗት።

ከስፖርቱ ሌላ ስለ ጨው፣ ስለ መድኃኒት፣ ስለ ሲጋራ ትምህርት ይሰጣል፤ ከቀዶ ጥገና በኋላ ስለሚመጣው ድብርትም ይጠይቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣውና 85 ጥናቶችን ያጠቃለለው የኮክሬን ግምገማ፣ የልብ ቧንቧ ሕመምተኞች እንዲህ ያለ እንቅስቃሴ ያለበት ማገገሚያ ሲገቡ በልብና በደም ሥር ሕመም የመሞት ዕድላቸው በሩብ ገደማ እንደሚቀንስ ያሳያል። ታዲያ እ.ኤ.አ. በ2016 ሜዲኬር ካላቸውና ማገገሚያው ከሚገባቸው አሜሪካውያን ውስጥ የገባው ከ4ቱ 1 ያህሉ ብቻ ነው። በነፃነትና በመኪና አገር!

ጋሼ በአምስተኛው ሳምንት አልጋቸው ላይ አደሩ፤ ፎቅ ላይ። 36ኛውን ቀን አላየሁም፣ ወደ አገሬ ተመለስኩ። ስልክ ደውዬ «እንዴት ነዎት?» ስላቸው ግን «11» ይሉኛል።

እንግዲህ እናንተም እቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ይኖር ይሆናል። በኛ አገር የልብ ቀዶ ጥገና የሚደረግለት ሽማግሌ ብቻ አይደለም፤ በልጅነት የጉሮሮ ሕመም መዘዝ የልብ በሩ የተበላሸበት የናንተው እኩያ ሞልቷል። ከሆስፒታል ሲወጣ አብራችሁት ግቡና ሐኪሙን ጠይቁ፦ ማገገሚያ የት አለ? ከሌለ በቀን ስንት ደቂቃ ይራመድ? ደረጃ መቼ ይውጣ? ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ከሆነ ከየትኛው ስፖርት ይራቅ? ሐኪሙ ከፈቀደ ደግሞ ከሶፋው አስነሱት።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች እንጦጦን ለሌላ ጊዜ ተዉት። መስቀል አደባባይ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ሂዱ። ደረጃውን ሯጮቹ ይውጡት፤ እናንተ ታች ሜዳው ላይ፣ እያወራችሁ ልትሄዱበት በምትችሉት ፍጥነት ተራመዱ። ደረቱን ካመመው፣ ካዞረው ወይም ትንፋሽ ካጠረው ወዲያው ቁሙና ወደ ሐኪም ውሰዱት።