ከአልጋና ከጊደር መካከል የተጻፈ ስም

አማቴ የቨርጂኒያ ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው። የዘራቸውን ሐረግ ወደ ኋላ ይቆጥሩና 1870 ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። ረስተው አይደለም፤ የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ አብዛኛውን ጥቁር ሕዝብ በስሙ የመዘገበው ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ዓመት ነው። በ1850 እና በ1860 የተሞላው የባሮች መዝገብ ዕድሜ፣ ጾታና የቆዳ ቀለም ጽፎ፣ ስም የሚሰጠው ለባለንብረቱ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ትውልድ ቆጥሮ ርስት ይጠየቅበት የነበረ አገር ልጅ ነኝና ነገሩ እልህ ሆነብኝ።

ከ1870 ወደ ኋላ ያለው መንገድ በጌቶቹ ኑዛዜ ውስጥ ያልፋል። እኛ የምንኖርበት ፌርፋክስ ካውንቲ በ1742 ሲቋቋም የኑዛዜ መዝገቡም አብሮ ተጀምሯል። እንግዲህ የጥቁሩን ቤተሰብ ለማግኘት የነጩን ቤተሰብ እንደ ገዛ ዘመድ ማጥናት ነው፤ ማን ሞተ፣ ሴት ልጁን ለማን ዳረ፣ መሬቱ ለማን ደረሰ።

የዘመኑ ኑዛዜ በእግዚአብሔር ስም፣ አሜን ብሎ ይጀምራል። ነፍስን ለፈጣሪ፣ ሥጋን ለመሬት ይሰጣል። ቄስ የጻፈው ይመስላል። ወረድ ሲል ለሚስቴ አልጋና ፈረስ፣ ለልጄ እገሊት የምትባለውን ኔግሮ ልጃገረድና ወደፊት የምትወልዳቸውን ሁሉ ይላል። ገና ያልተፀነሰ ልጅ ይወረሳል! ቨርጂኒያ በ1662 ባወጣችው ሕግ ልጅ የእናቱን ዕጣ ይከተላል፤ እናቱ ባሪያ ከሆነች እሱም ባሪያ ነው። እኔን መንገድ ያሳየኝም ይኸው ጭካኔ ነው። ንብረቱ በእናት በኩል ስለሚቆጠር ጸሐፊው እናትንና ልጅን አያይዞ ይጽፋል። አባት ግን የለም ማለት ይቻላል።

ባለንብረቱ ሲሞት ፍርድ ቤቱ ገማቾች ይሾማል። እነሱም ቤት ለቤት ዞረው ድስቱን፣ ጊደሩን፣ ሰዉን በተርታ እየጻፉ በፓውንድና በሺሊንግ ዋጋ ይተምናሉ። ያረጀች ሴት ዋጋዋ ዜሮ ተብሎ የሚጻፍበት ጊዜ አለ። የቀኑም ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ እስከ 1752 ድረስ የእንግሊዞች ዓመት በሕግ የሚገባው ማርች 25 ስለነበር ፌብሩዋሪ ላይ 1748/9 ተብሎ ተጽፎ ታያለህ። በሁለት ዘመን አቆጣጠር ለኖረ ሐበሻ ይህ ብርቅ አይደለም።

ስም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ሐና የምትባል በየመዝገቡ ሞልታለች። ያመንኩት አንዲት እናትና ልጆቿ በኑዛዜውም በግምቱም በአንድ ቅደም ተከተል ሲመጡልኝ ነው። ከልጆቿ አንዷ ለተናዛዡ ሴት ልጅ ተሰጥታ፣ በ1757 ከፌርፋክስ ተከፍሎ ወደ ወጣው ላውደን ካውንቲ ሄዳለች። የአማቴ ሐረግ የሚመዘዘው ከዚህች ልጅ ነው።

ይህን ስነግራቸው ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን፣ «እናቷስ ለማን ደረሰች?» አሉኝ።

«ለመበለቲቱ፣ በሕይወት እስካለች ድረስ። ከዚያ ለታላቁ ወንድ ልጅ።»

«እንግዲያው የሱንም ኑዛዜ ፈልግልኝ።»